መዝገቡ «ግሪን»፣ ዳኞቹ «ከር»፦ የተሳሳተ ቴክኒካል ፋውል መቼ ይታረማል?

ጁን 9 ቀን 2017 (ሰኔ 2 ቀን 2009 ዓ.ም.) በክሊቭላንድ በተካሄደው የኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜ አራተኛ ጨዋታ፣ ሦስተኛው ኳርተር አጋማሹ ላይ ሲደርስ የጎልደን ስቴት ዋሪየርሱ ድሬይመንድ ግሪን ፋውል ተነፋበት፤ ወዲያው ቴክኒካል (በአካል ንክኪ ሳይሆን በንግግር፣ በባህሪ ወይም በሥርዓት ጥሰት የሚሰጥ ፋውል) ተጨመረበት። የመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ያለው መዝገብ ከመጀመሪያው ኳርተር ጀምሮ አንድ ቴክኒካል በግሪን ስም ይዟል። በኤንቢኤ ሕግ በሥነ ምግባር ሁለት ቴክኒካል የተቆጠረበት ተጫዋች ከጨዋታው ይባረራል። የክሊቭላንድ ደጋፊ ግሪን ተሰናበተ ብሎ በደስታ ጮኸ። አዲስ አበባ ላይ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ጨዋታውን በቀጥታ ይከታተል የነበረም ሰው ያየው ይህንኑ ነው።

ግሪን ግን አልወጣም። ሦስቱ ዳኞች ጠረጴዛው ጋ ተሰብስበው ከተነጋገሩ በኋላ፣ የመጀመሪያው ኳርተር ቴክኒካል የተሰጠው ለአሰልጣኙ ለስቲቭ ከር እንጂ ለግሪን እንዳልነበር አስታወቁ። መዝገቡ ተስተካከለ። ግሪን አንድ ቴክኒካል፣ ከር አንድ ቴክኒካል ተይዞባቸው ጨዋታው ቀጠለ። ከጨዋታው በኋላ ዳኞቹ በሰጡት ማብራሪያ ቴክኒካሉ በከር ላይ መሆኑን ለጠረጴዛው እንደተናገሩ፣ የአዳራሹ አስተዋዋቂም የከርን ስም የጠራ መስሏቸው ስለነበር ተመልሰው እንዳላጣሩ ገለጹ። ከርም የመጀመሪያው ቴክኒካል የእሱ እንደሆነ ያስብ እንደነበር ተናገረ።

ክሊቭላንድ ጨዋታውን 137 ለ116 አሸነፈ። በመጀመሪያው ኳርተር 49፣ እስከ እረፍት 86 ነጥብ አስቆጥሮ፣ 24 ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራዎችን አግብቶ ነበርና የግሪን መቆየት አሸናፊውን አልቀየረም። እስከዚያ ምሽት በዚያ ዓመት ማጣሪያ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ዋንጫው በሚለይበት ዙር) 15 ጨዋታ ተጫውቶ 15ቱንም ያሸነፈው ጎልደን ስቴት የመጀመሪያ ሽንፈቱን ቀመሰ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን 129 ለ120 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በውጤት ደረጃ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል። ለዳኛ፣ ለመዝጋቢና ለአሰልጣኝ ግን ያ ቅጽበት ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄን ይመልሳል፦ አንዴ የተነፋ ቴክኒካል ሊመለስ ይችላል ወይ?

መልሱ ስህተቱ የት እንዳለ ይወሰናል። ዳኛው ያየውን ነገር ሲመዝን ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የፍርድ ስህተት ነው። የሕጉን ቅጣት አዛብቶ አስፈጽሞም ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ አንድ ነጻ ውርወራ የሚያሰጠውን ጥፋት በሁለት ሲያስወረውር። ወይም ዳኛው ትክክል ሆኖ ጠረጴዛው የተሳሳተ ስም ጽፎ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በሜዳ ላይ «የተሳሳተ ቴክኒካል» ይባላሉ፤ የሚታረሙበት በርና የበሩ መዝጊያ ሰዓት ግን የተለያየ ነው። በክርክር መካከል የሚፈጠረው መደናገር በአብዛኛው እነዚህን ሦስቱን ከመቀላቀል የሚመጣ ነው።

የክሊቭላንዱ ስህተት ለምን በቀላሉ ታረመ

የግሪን ጉዳይ የሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ስህተቱ መዝገቡ ላይ ነበር። የኤንቢኤ ሕግ መጽሐፍ ስለ ዳኞችና መዝጋቢዎች ተግባር በሚናገረው ክፍሉ፣ በመዝገብ ላይ ጥያቄ ሲነሳ መዝጋቢው ወዲያው ከዋናው ዳኛ ጋር ተነጋግሮ ልዩነቱን እንዲፈልግ ያዛል። ስህተቱ ሊገኝ ካልቻለ ዳኛው የመዝጋቢውን መዝገብ ይቀበላል፤ ሌላ ውሳኔ እንዲወስን የሚያስገድደው እውቀት ካለው ግን መዝገቡ አያስረውም። በክሊቭላንድ የሠራው ይህ የመጨረሻው ሐረግ ነው። ፊሽካውን የነፋው ዳኛ እዚያው ቆሟል፤ ቴክኒካሉን ለማን እንደሰጠ ያውቃል። የመዝገቡ ሥልጣን ከዳኛው እውቀት በታች ነው።

እርማቱን ያቀለለው ሌላም ነገር አለ። በኤንቢኤ አንድ ቴክኒካል ለተጫዋችም ይሰጥ ለአሰልጣኝ ለተቃራኒው ቡድን የሚያስገኘው አንድ ነጻ ውርወራ ነው፤ ጨዋታውም ከተቋረጠበት ይቀጥላል። ስሙ ከግሪን ወደ ከር ሲዛወር ክሊቭላንድ በመጀመሪያው ኳርተር ያገኘው ውርወራ ያው ውርወራ ነው። የሚሰረዝ ነጥብ የለም፣ የሚደገም ውርወራ የለም፣ ሰዓቱም አይነካም። በተጨማሪም በኤንቢኤ ቴክኒካል ፋውል ከተጫዋቹ ስድስት የግል ፋውሎችም ሆነ ከቡድኑ ፋውል ጋር አይደመርም። ስለዚህ ከሁለት ኳርተር በኋላ ስሙን ማንሳት ሌላ የሚያፈርሰው ስሌት አልነበረም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወደ መባረር የሚወስደው ቆጠራ በማን ላይ እንደቆመ። በነገራችን ላይ ከርም ነጻ አልወጣም፤ አሰልጣኝም በሁለተኛ ቴክኒካል ይባረራልና ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ እሱም በአንድ ቴክኒካል ርቀት ላይ ነበር።

እዚህ ላይ የዓይነት ልዩነትም መታወቅ አለበት። በኤንቢኤ ቴክኒካል ተብሎ የሚጠራ ሁሉ ወደ መባረር አያደርስም። በመከላከል ሦስት ሰከንድ (ተከላካይ ማንንም ሳይጠብቅ ከቅርጫቱ ሥር ባለው ክልል ከሦስት ሰከንድ በላይ ሲቆም)፣ ጨዋታ በማዘግየት፣ ከ2023-24 የውድድር ዘመን ጀምሮም ሆን ብሎ በመውደቅ የሚሰጡ ቴክኒካሎች አንድ ነጻ ውርወራ ያስወረውራሉ፤ ለመባረር ግን አይቆጠሩም። ስለዚህ ጠረጴዛው ስሙን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱን አሳስቶ ከጻፈም ያልተገባ ስንብት ሊያስከትል ይችላል። ዳኛው ሲያስታውቅ «ማን» ከማለቱ ጋር «ለምን» ማለት ያለበት ለዚህ ነው።

የውሳኔው ትክክለኛነት እንዳለ ሆኖ፣ አካሄዱ ግን መጥፎ ነበር፤ ይህን ማለባበስ አያስፈልግም። ስህተቱ ከመጀመሪያው ኳርተር እስከ ሦስተኛው፣ በመካከሉ ያለውን ረጅሙን እረፍት ጨምሮ፣ ሳይታወቅ ተኝቷል። የታወቀውም ሁለተኛው ቴክኒካል ከተነፋ በኋላ፣ ውሳኔው አንዱን ቡድን ግልጽ በሆነ መልኩ በሚጠቅምበት ሰዓት ነው። ያኔ እውነት የሆነው እርማት እንኳ የተመቻቸ ይመስላል። ኮከቡን ለማዳን ሲሉ አሰልጣኙ ላይ ለጠፉት የሚለው ጥርጣሬ ያን ምሽት የተነሳው ከዚህ ነው። ተመሳሳዩ እርማት በመጀመሪያው ኳርተር፣ ነጻ ውርወራው ከመወርወሩ በፊት ተደርጎ ቢሆን ማንም ልብ ባላለው ነበር።

ዳኛው ራሱ ሐሳቡን ሲለውጥ

አሁን ሌላውን ዓይነት እንይ። ዳኛው ግሪን የተናገረውን ሰምቶ ቴክኒካል ነፋ እንበል፤ ከዚያ ባልደረባው ቀርቦ «የተናገረው ለራሱ ቡድን ጓደኛ ነው» አለው። ፊሽካውን የነፋው ዳኛ ይህን ተቀብሎ ቴክኒካሉን ማንሳት ይችላል። በኤንቢኤም ሆነ በፊባ (የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ አንዱ ዳኛ የሌላውን ውሳኔ የመሻር ሥልጣን የለውም፤ መረጃ መስጠት ግን ይችላል፣ ይገባዋልም። የሚመልሰው የነፋው ሰው ነው። ይህ የሚሆነው ቅጣቱ ከመፈጸሙ በፊት፣ ማለትም ኳሱ ለነጻ ውርወራ ተኳሹ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ውርወራው ከተወረወረና ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ «ሳስበው ተሳስቻለሁ» የሚባል መንገድ የለም።

ዳኛው ማድረግ የሌለበት ነገር ደግሞ አለ። ሁለተኛውን ቴክኒካል ነፍቶ ተጫዋቹ የሚባረር መሆኑን ሲያውቅ ደንግጦ ማንሳት። የጥፋቱ ክብደት በመዝገቡ ላይ ባለው ቁጥር አይለካም። ጥፋቱ ቴክኒካል ከነበረ ቴክኒካል ነው፤ ካልነበረም መጀመሪያውኑ መነፋት አልነበረበትም። በክሊቭላንድ ዳኞቹ የሦስተኛውን ኳርተር ቴክኒካል አላነሱትም፤ እንዳለ ቆመ። የተነካው የመጀመሪያው የተጻፈበት ስም ብቻ ነው፤ የውሳኔያቸው ጥንካሬም ከዚህ ላይ ነው።

አሰልጣኞች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ቪዲዮ ነው። ኤንቢኤ ከ2019-20 ጀምሮ ለአሰልጣኞች የሰጠው የይገባኛል ጥያቄ በራስ ቡድን ላይ የተነፋ የግል ፋውልን፣ የወጣ ኳስንና ወደ ቅርጫት በሚሄድ ኳስ ላይ የተፈጸመ ጣልቃ ገብነትን የሚመለከት ነው። በንግግርና በባህሪ የተሰጠ ቴክኒካል በዚህ አይጠየቅም። ካሜራው ቃልን አይመዝንምና ገደቡ ምክንያታዊ ነው።

ያው ጉዳይ በፊባ ሕግ ቢሆን

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚካሄዱ ውድድሮች የሚመሩት በፊባ ሕግ ነው፤ የቴሌቪዥኑን ኤንቢኤ አይቶ በሜዳችን ላይ የሚከራከር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የክሊቭላንዱን ጉዳይ እንዳለ ወስደን በፊባ ቅጽ (መዝጋቢው ነጥብና ፋውል በሚጽፍበት ወረቀት) ላይ ብናስቀምጠው እርማቱ በጣም ይከብዳል።

በፊባ ለተጫዋች የሚሰጥ ቴክኒካል ከአምስቱ ፋውሎቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ ለቡድኑም የኳርተሩ ፋውል ውስጥ ይገባል። ለአሰልጣኝ የሚሰጠው ግን ለቡድን ፋውል አይቆጠርም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ኳርተር ላይ አንድ ቴክኒካልን ከተጫዋች ወደ አሰልጣኝ ማዛወር ሦስት ቁጥር ይነካል፦ የተጫዋቹን የግል ፋውል፣ የተጫዋቹን የቴክኒካል ብዛት፣ የዚያን ኳርተር የቡድን ፋውል። ሦስተኛው ነው አደገኛው። በፊባ አንድ ቡድን በኳርተር አራት ፋውል ከሞላ በኋላ ከአምስተኛው ጀምሮ ተራ ፋውል ሁለት ነጻ ውርወራ ያስወረውራል። የአሰልጣኙ ቴክኒካል በተጫዋች ስም ተጽፎ ቡድኑ በወረቀት ላይ አራት ፋውል የሞላበት፣ በእውነት ግን ሦስት ብቻ ይዞ የነበረ ከሆነ፣ ቀጣዩ ፋውል ያስወረወራቸው ሁለት ውርወራዎች ያልተገቡ ነበሩ ማለት ነው።

እነዚያ ውርወራዎች ሊሰረዙ ይችላሉ? የፊባ አንቀጽ 44 ያልተገባ ነጻ ውርወራ መስጠትን፣ የተገባን አለመስጠትን፣ ነጥብ በስህተት መስጠትን ወይም መሰረዝን፣ እንዲሁም የተሳሳተ ተጫዋች እንዲወረውር መፍቀድን ሊታረሙ ከሚችሉ ስህተቶች ይመድባል። የጊዜ ገደቡ ግን ጠባብ ነው። ስህተቱ ከተፈጸመ በኋላ ሰዓቱ ይነሳል፤ ከዚያ ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ይቆማል፤ ያ ከቆመበት ተነስቶ ኳሱ እንደገና ጨዋታ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስህተቱ መታወቅ አለበት። በተግባር ይህ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። አንድ ቅርጫት ተቆጥሮ ተቃራኒው ቡድን ኳሱን ከመስመር ውጭ በእጁ ከያዘ መስኮቱ ሊዘጋ ይችላል። በመጀመሪያው ኳርተር ተወርውሮ በሦስተኛው የታወቀ ስህተት ከዚህ ገደብ እጅግ የራቀ ነውና ነጥቦቹ ይቆማሉ።

ቁጥሩስ? እዚህ ላይ ፊባ ለጋስ ነው። መዝጋቢው በነጥብ፣ በፋውል ብዛት ወይም በታይም አውት ብዛት የሠራው የአጻጻፍ ስህተት ዋናው ዳኛ ቅጹን እስኪፈርም ድረስ በማንኛውም ጊዜ ይታረማል። ስለዚህ በእኛ ምሳሌ የተጫዋቹ ስም ይጸዳል፣ አሰልጣኙ ቴክኒካሉን ይሸከማል፣ ተጫዋቹ ይቀጥላል፤ በዚያው ስህተት የተገኙት ሁለት ነጥቦች ግን እዚያው ይቀራሉ። ለአሰልጣኝ ይህ ፍትሕ የጎደለው ይመስላል። ሆኖም ነጥቡ ከተቆጠረ በኋላ የሆነው ሁሉ፣ ማን ኳስ እንደያዘ፣ ማን እንደተቀየረ፣ በዚያ ነጥብ ላይ ተመሥርቶ የተደረገ ነውና ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ መፍታት አይቻልም። ሕጉ በዚህ ትክክል ነው።

የፊባ የስንብት ቆጠራም ይለያል። ተጫዋች በሁለት ቴክኒካል፣ በሁለት የስፖርታዊ ጨዋነት ጉድለት ፋውል ወይም ከሁለቱ አንድ አንድ ሲይዝ ይሰናበታል። አሰልጣኝ በራሱ ባህሪ ሁለት ቴክኒካል ሲይዝ፣ ወይም ሦስቱም ከተጠባባቂ ወንበሩ፣ አለዚያም ከራሱ አንዱ ከወንበሩ ሁለቱ ተደምረው ሦስት ሲሆኑ ይወጣል። ቅጹ ላይ የአሰልጣኙ የራሱ በ«ሲ»፣ የወንበሩ በ«ቢ» ይለያል፤ መዝጋቢው ሁለቱን ካቀያየረ አሰልጣኙ ሳይገባው ሊባረር ወይም ተባርሮ ሳለ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ ስህተት ከሌሎቹ ይልቅ ይደጋገማል፤ ዳኛው ወደ ወንበሩ ጠቁሞ «ቴክኒካል» ብቻ ብሎ ሲመለስ ለማን እንደሆነ መዝጋቢው በግምት ይጽፋልና።

ጠረጴዛው ጋ መሆን ያለበት

በክሊቭላንድ የጎደለው በጣም አጭር ሥራ ነው። ዳኛው ቴክኒካል ሲነፋ መጀመሪያ ግጭቱ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ በጩኸት መካከል ሮጦ የሚያስታውቅ ዳኛ ግማሹን ይውጣል። ከዚያ ለጠረጴዛው ግልጽ ሆኖ በሚታይበት ቦታ ይቆማል። ተጫዋች ከሆነ የቡድኑን ቀለም፣ ቁጥሩን በጣቱ፣ ከዚያ የቴክኒካሉን ምልክት፣ ከዚያ የውርወራውን ብዛት ያሳያል። አሰልጣኝ ከሆነ ቁጥር የለም፤ በእጁ አሰልጣኙን ለይቶ ያመለክትና በቃሉ «ዋና አሰልጣኝ» ይላል። የመጨረሻው እርምጃ ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፦ መዝጋቢው የጻፈውን ጮክ ብሎ እንዲደግምለት መጠበቅ። የአስተዋዋቂውን ድምፅ መስማት ይህን አይተካም። አስተዋዋቂው የሚናገረው የራሱን መረጃ ነው፤ የመዝገቡን ብዕር የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ የነጥብ ሰሌዳውንም የሚሞላው ሌላ። በክሊቭላንድ ዳኞቹ በጆሯቸው የሰሙት የመሰላቸውና በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ተለያዩ።

የፊባ ጠረጴዛ ለዚህ የሚረዳ ቀላል መሣሪያ አለው። መዝጋቢው ተጫዋች ፋውል ሲሠራ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ካላቸው ሰሌዳዎች ተገቢውን አንስቶ ለሁለቱም አሰልጣኞች ያሳያል። ለአሰልጣኝ ቴክኒካል ይህ ሰሌዳ አይነሳም። ስለዚህ ዳኛው አሰልጣኙን ቀጥቶ ዞር ሲል ሰሌዳ ከተነሳ ስህተቱ እዚያው በዓይን ይታያል፤ ረዳት አሰልጣኙ ወደ ሰሌዳው የሚመለከት ከሆነ ነጻ ውርወራው ሳይወረወር ያስቆመዋል። ቅጹም በቀለም ይጻፋል፤ የአንደኛና የሦስተኛ ኳርተር በቀይ፣ የሁለተኛና የአራተኛ በሰማያዊ ወይም በጥቁር። ጥርጣሬ ሲነሳ ቴክኒካሉ በየትኛው ኳርተር እንደተጻፈ ለማወቅ ቀለሙ ይረዳል።

በእረፍት ሰዓት ዋናው ዳኛ ወደ መልበሻ ክፍል ከመሄዱ በፊት ቅጹን አጎንብሶ ሦስት ነገር ቢያይ ይበቃል፦ ቴክኒካል ያለባቸው ተጫዋቾች፣ የአሰልጣኞቹ ረድፍ፣ አራት ፋውል የሞላባቸው። ሦስቱ ዳኞች ደግሞ በመካከላቸው ቴክኒካል የሰጡትን ሰው ስም ይለዋወጣሉ። ሁለተኛውን ፊሽካ የሚነፋው ዳኛ የመጀመሪያው በማን ላይ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ከነፋ በኋላ ከጠረጴዛው መስማት የለበትም።

ስህተቱ ተጫዋቹ ከወጣ በኋላ ቢታወቅስ? ሰዓቱ ሳይነሳ ከሆነ ይመለሳል፤ ችግር የለም። ጨዋታው ቀጥሎ ከሆነ፣ በሚቀጥለው መቆም መዝገቡ ታርሞ ተጫዋቹ በቅያሪ ሊገባ ይችላል፤ ውጭ ያሳለፈው ጊዜ ግን አይካስለትም።

ማንም ሳያርመው ሲቀር

ዲሴምበር 19 ቀን 2007 በአትላንታ የሆነው ለዚህ ማሳያ ነው። ሚያሚ ሂት ከአትላንታ ሆክስ ጋር በጭማሪ ሰዓት ሲጫወት 51.9 ሰከንድ ሲቀር ሻኪል ኦኒል ስድስተኛ ፋውል ሠራ ተብሎ ወጣ። በእውነት ግን አምስተኛው ነበር፤ ቀደም ሲል በቡድን ጓደኛው ላይ የተነፋ ፋውል በኦኒል ስም ተጽፏል። ያ ቴክኒካል አይደለም፣ ተራ ፋውል ነው፤ የስህተቱ ዓይነት ግን ከግሪን ጋር አንድ ነው፦ ትክክለኛ ፊሽካ፣ የተሳሳተ ስም። እዚህ ሜዳ ላይ ያረመው አልነበረም። አትላንታ 117 ለ111 አሸነፈ፤ ሚያሚ ክስ አስያዘ።

ኤንቢኤ ጃንዋሪ 2008 ክሱን ተቀበለ፤ ለአትላንታ ክለብም 50,000 ዶላር ቅጣት ጣለ፤ ጠረጴዛውን የሚያሰማራው ባለሜዳው ነውና። ውሳኔው ጨዋታው ከ51.9 ሰከንድ ጀምሮ፣ 114 ለ111 ከነበረበት እንዲደገም ነበር። የተደገመው ማርች 8 ቀን 2008 ነው። እስከዚያ ኦኒል ወደ ፊኒክስ ተዛውሮ ስለነበር በስህተት የተባረረው ሰው ለተስተካከለው ጨዋታ አልደረሰም። በእነዚያ ሰከንዶች አንድም ቡድን ነጥብ አላስቆጠረም፤ ጨዋታው 114 ለ111 ተጠናቀቀ። በመዝገብ ላይ የሚደረግ የሦስት ሰከንድ ማጣራት ካልተደረገ የሚተካው ይህ ነው፦ ከሁለት ወር ተኩል በላይ፣ ቅጣት፣ የተበተነ ቡድን።

ክስ ግን ለፍርድ ስህተት አይሠራም። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2024 ሂዩስተን ሮኬትስና ኒው ዮርክ ኒክስ 103 እኩል ሳሉ 0.3 ሰከንድ ሲቀር በጄለን ብረንሰን ላይ ፋውል ተነፋ፤ ሂዩስተን በነጻ ውርወራ 105 ለ103 አሸነፈ። ዋናው ዳኛ ጨዋታው እንዳለቀ ፋውሉ መነፋት እንዳልነበረበት በይፋ ተናገረ። ኒክስ ክስ አስያዘ፤ ተቀባይነት አላገኘም። ዳኛው ያመነው የዓይን ስህተት እንጂ የሕግ አተገባበር ስህተት ስላልሆነ። ኤንቢኤ ለክስ የሚሰጠው 48 ሰዓት ነው፤ ማስያዣው 10,000 ዶላር። «ቴክኒካሉ አይገባም ነበር» ብሎ ይህን ገንዘብ ማስያዝ ከንቱ ነው። «ቴክኒካሉ የተጻፈው ባልሆነ ሰው ላይ ነው፣ በዚያም ሰበብ ተባረረ» የሚል ክስ ግን መሠረት አለው።

ከጨዋታ በኋላ ለፍርድ ስህተት የተተወው መንገድ የሊጉ ጽሕፈት ቤት ነው። ኤንቢኤ የተሰጡ ቴክኒካሎችን መርምሮ መሰረዝ ይችላል። ሲሰርዝ ቅጣት ገንዘቡ ይነሳል፣ የተጫዋቹ ድምር ይቀንሳል፤ ነጻ ውርወራውም ሆነ ውጤቱ አይነካም። ድምሩ ዋጋ አለው፦ በመደበኛው የውድድር ዘመን 16ኛው ቴክኒካል፣ በማጣሪያው 7ኛው የአንድ ጨዋታ እገዳ ያስከትላሉ። ኤፕሪል 8 ቀን 2022 የዳላሱ ሉካ ዶንቺች በፖርትላንድ ላይ 16ኛውን ያዘ፤ ሊጉ በማግስቱ ሰረዘለት፤ እሁድ ተጫወተ። ሊጉ መጨመርም ይችላል። በ2016 ፍጻሜ አራተኛ ጨዋታ ሜዳ ላይ ያልተነፋ ከባድ ፋውል በግሪን ላይ ከጨዋታው በኋላ ተመዘገበ፤ ሊጉ ለከባድ ፋውል የሚይዘው የቅጣት ነጥብ ድምሩ አራት ደርሶ አምስተኛውን ጨዋታ ታገደ። ጎልደን ስቴት ያኔ 3 ለ1 ይመራ ነበር፤ ዋንጫውን 4 ለ3 ክሊቭላንድ ወሰደ። ከዓመት በኋላ በዚያው ከተማ የግሪን ስም መዝገብ ላይ ያን ያህል ያስጨነቀው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በፊባ ሥር ለሚጫወት ክለብ መንገዱ አጭርና ጥብቅ ነው። የነጥብ፣ የፋውል ወይም የሰዓት አያያዝ ስህተት በዳኞች ሳይታረም ቀርቶ ቡድኑን ከጎዳ፣ አምበሉ ጨዋታው ካለቀ በ15 ደቂቃ ውስጥ ለዋናው ዳኛ አሳውቆ በቅጹ የክስ ቦታ ላይ ይፈርማል፤ ምክንያቱም በጽሑፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቀርባል። ለዚህ ሲባል ቴክኒካሉ በተነፋ ሰዓት አንድ ረዳት አሰልጣኝ ኳርተሩን፣ የቀረውን ሰዓት፣ ዳኛው ያመለከተውን ሰውና የተነሳውን ሰሌዳ በማስታወሻ ቢይዝ፣ በሚቀጥለው መቆም አምበሉ ወደ ዋናው ዳኛ ሄዶ «በመጀመሪያው ኳርተር የሰጣችሁት ለማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ፊርማው ከማረፉ በፊት ከሆነ ቅጹ ይስተካከላል።